«ሦስት ሳንባ ያለው» ማለት ምስጋና ነውን?

ከአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ

በዚህ ግቢ ስለ እግር ኳስ የማይከራከር ተማሪ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። በካፌው ሰልፍ ላይ፥ ማታ በመኝታ ቤት፥ አልፎ አልፎም (መምህሮቻችን ይቅር ይበሉንና) በክፍል ውስጥ በሹክሹክታ የሚደረገው ክርክር ከሞላ ጐደል ስለ ኳስ ነው። ክርክሩን ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው ግን የሚያከራክሩን ተጫዋቾች ዐሥር አይሞሉም፤ እነሱም ሁሉ ግብ አግቢዎች ናቸው። የቀሩት በአንድ በአንድ ቃል ይሸኛሉ። «ፈረስ ነው»፥ «ግንብ ነው»፥ «ማሽን ነው» ይባልላቸውና ነገሩ ያልቃል።

ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት በአንድ ቃል ከተሸኙት ስለ አንዱ፥ ይኸውም ስለ ኮርያዊው የመሐል ተጫዋች ስለ ፓርክ ጂ ሱንግ ነው። ለርሱ የወጣለት ቃል «ሦስት ሳንባ ያለው» የሚል ነበር። እንግሊዞች አሉት፥ ጋዜጠኞች አስተጋቡት፥ እኛም ተቀበልነው፤ እስከ ዛሬም ስሙ በተነሣ ቁጥር ሌላ የምንለው የለንም። እኔ በበኩሌ ይህ ቃል ግማሹ ምስጋና፥ ግማሹ ግን ዝርፊያ ነው እላለሁ። ዝርፊያ የምለው የሰውየውን አእምሮ ወስዶ ሳንባውን ብቻ ስለሚተውለት ነው።

ፓርክ ከጨዋታ የተሰናበተው በ2014 ዓ.ም. ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ስለዚህ አብዛኞቻችን ያየነው በልጅነታችን፥ ታላላቆቻችን ከቴሌቪዥኑ ፊት ገለል እንድንል እየገፉን ነው፤ የቀረውን ያወቅነው ከተቀረጸ ፊልም ነው። ስለ አገሩ ያለን ዕውቀትም ከቃኘው ሻለቃ ዝናና ከሳምሰንግ ቴሌፎን እምብዛም አያልፍም። ስለሆነም ታሪኩን ከሥሩ ማንሣት ይገባል።

ፓርክ የተወለደው በ1981 ሲሆን ያደገው ከሴኡል በስተ ደቡብ ባለችው በሱዎን ከተማ ነው። ቁመቱ አጭር፥ ሰውነቱ ቀጭን ነበረ፤ ከዚህም በላይ የእግሩ መዳፍ ጠፍጣፋ ነው፤ ይህ ዐይነት እግር ብዙ ለሚሮጥ ሰው እንደማይመች የታወቀ ነው። (እንግዲህ «ተፈጥሮ ለሩጫ የፈጠረችው» የሚሉት ሰዎች ከእግሩ ጀምረው ቢመረምሩት መልካም ነበር።) ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ የሚፈልገው የፕሮፌሽናል ቡድን አላገኘም። የተቀበለው ምዮንግጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። እንደ እኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ለሲድኒ ኦሎምፒክ በተዘጋጀው የወጣቶች ቡድን ውስጥ ገባ፤ በዚያው በ2000 ዓ.ም. ኪዮቶ ፐርፕል ሳንጋ የተባለ የጃፓን ቡድን ወሰደው።

አንድ የኮርያ ወጣት እንጀራ ፍለጋ ወደ ጃፓን ሲሄድ ነገሩ እንደ ማንኛውም ጉዞ አይደለም። ጃፓን ከ1910 እስከ 1945 ኮርያን በቅኝ ግዛት ይዛ ኖራለች፤ በዚያ ዘመን የኮርያን ቋንቋ ከትምህርት ቤት እስከ ማስወጣት፥ የሰዎችን ስም ወደ ጃፓን ስም እስከ ማስለወጥ ተደርሶ ነበር። ፓርክ የሄደበት ቡድን ደግሞ በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። በሁለተኛው ዓመት ተመለሰ። በ2003 ጥር 1 ቀን በተደረገው የንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ ፍጻሜ ኪዮቶ ኃያሉን ካሺማ አንትለርስን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ አንዱን ግብ ያገባው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ኔዘርላንድ ሄደ።

ከዚህ በፊት ግን 2002 አለ፤ በ2002 ላይ ትንሽ ልቆይ።

በዚያ ዓመት የዓለም ዋንጫ በኮርያና በጃፓን ተደረገ። የኮርያን ቡድን ያሠለጠነው ጉስ ሂዲንክ የተባለ ሆላንዳዊ ነበር። ሂዲንክ መጥቶ ያየው ነገር እኛን ሊገርመን አይገባም። በኮርያ ታናሽ ታላቁን በስሙ አይጠራም፤ የክብር መጠሪያ ይጨምርለታል፤ የአነጋገሩም ስልት ይለወጣል። በሜዳም ላይ እንዲሁ ነበር። ታናሹ ኳስ እንዲሰጠው ታላቁን በትሕትና ይለምን ነበር፤ ታላቁ ሲሳሳት የሚገሥጸው አልነበረም። «እርስዎ ጋሼ፥ ከኋላዎ ተጫዋች መጥቶብዎታልና ቢጠነቀቁ» ብሎ እስኪጨርስ ኳሱ ተነጥቋል እንደ ማለት ነው። ሂዲንክ በሜዳ ውስጥ ሁሉም በስሙ እንዲጠራራ አዘዘ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ለነበረው ለፓርክ ትልቅ በር ከፈተለት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የርሱ ጨዋታ የተመሠረተው ሌሎች የት እንደ ቆሙ ዐይቶ በመናገርና በመንቀሳቀስ ላይ ነበርና። (አንቱታ በክፍላችን ውስጥ ስንት ጥያቄ አፍኖ እንዳስቀረ ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ይጽፍ ይሆናል።)

ከዋንጫው በፊት በተደረጉት የወዳጅነት ግጥሚያዎች ፓርክ በእንግሊዝም በፈረንሳይም ላይ አገባ። ሰኔ 14 ቀን 2002 ደግሞ በኢንቾን ከተማ ኮርያ ከፖርቱጋል ጋር ገጠመች። ከግራ በኩል የመጣችለትን ረጅም ኳስ በደረቱ አበረዳት፤ መሬት ሳትነካ በቀኝ እግሩ የመጣበትን ተከላካይ አሳለፋት፤ በግራ እግሩም በግብ ጠባቂው በቪቶር ባይያ እግሮች መካከል ላካት። ፊልሙን ያላየ ይመልከተው። በዚያ ግብ ውስጥ ሩጫ የለም ቢባል ይቻላል። ያለው ሦስት ውሳኔ ነው፤ ሦስቱም በሁለት ሰኮንድ ውስጥ የተወሰኑ ናቸው። ከዚያ እየሮጠ ሄዶ ሂዲንክን ዐቀፈ፤ ኮርያ ውስጥ ይህን ፎቶግራፍ የማያውቅ የለም።

ኮርያ ጣልያንንና ስፔይንን አልፋ አራተኛ ወጣች። በነዚያ በሁለቱ ግጥሚያዎች የዳኞቹ ሥራ እስከ ዛሬ ያነጋግራል፤ መነጋገሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ከጣልያን ጋር በተደረገው ጨዋታ የተከተለውን ነገር ሳንጠቅስ አንለፍ። ጣልያንን ያሰናበተችውን ግብ ያገባው አን ጁንግ ሁዋን በዚያን ጊዜ የሚጫወተው ለጣልያኑ ለፔሩጂያ ቡድን ነበር። የቡድኑ ባለቤት በማግስቱ «ይህ ሰው የጣልያንን እግር ኳስ አበላሽቷልና አላስጠጋውም» የሚል መንፈስ ያለው ቃል ለጋዜጦች ሰጠ። ፓርክና የዘመኑ ኮርያውያን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ የሚጠብቃቸው አቀባበል ከዚህ ይገመታል።

የኮርያ መንግሥትም በዚያ ዓመት ለቡድኑ ትልቅ ዋጋ ከፈለ። በኮርያ ጤነኛ ወንድ ሁሉ ሁለት ዓመት ያህል በጦር ሠራዊት ማገልገል ግዴታው ነው፤ ለነዚህ ተጫዋቾች ይህ ግዴታ ተነሣላቸው። በኛ ዕድሜ ያሉ የሴኡል ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ዘግተው ወደ ጦር ሰፈር ሲሄዱ ኳስ ያገባ ሰው ነፃ መውጣቱ ፍትሕ ነው ወይ? ብትሉኝ አይደለም እላለሁ። ነገር ግን ፓርክ ዕዳውን በጉልበቱ መክፈሉን ወደ ኋላ እናያለን።

በ2003 ፓርክ ሂዲንክን ተከትሎ ወደ ፒ.ኤስ.ቪ. አይንድሆቨን ገባ። መጀመሪያው ክፉ ነበር። ጉልበቱ ተጐዳ፤ ሲመለስም ጨዋታው አልሰምር አለው፤ የገዛ ቡድኑ ደጋፊዎች ኳስ በነካ ቁጥር ያፏጩበት ጀመር። በሰው አገር፥ ቋንቋውን ገና በማያውቁት ሕዝብ መካከል፥ ሠላሳ ሺሕ ሰው ሲያፏጭብህ ምን ይሰማህ ይሆን? ፓርክ ግን አልሄደም። በ2004 እና 2005 የጨዋታ ዘመን ያው ሕዝብ ዘፈን አወጣለት። የዘፈኑ ቃል ስሙ ብቻ ነው፤ ስሙን በሆላንድኛ አፍ እየደጋገሙ መጥራት ነው። ይህን ዘፈን አትርሱብኝ፤ በኋላ ስለ ሌላ ዘፈን ስናገር ያስፈልገኛል።

በግንቦት 2005 ፒ.ኤስ.ቪ. በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ኤ.ሲ. ሚላንን በሜዳው ገጠመ። በመጀመሪያው ግጥሚያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ነበር። ፓርክ ገና በዘጠነኛው ደቂቃ አገባ። ፒ.ኤስ.ቪ. 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ሆኖም በሰው ሜዳ የገባ ግብ በሚበልጥበት በዚያ ዘመን ደንብ ሚላን አለፈ። በዚያው በጋ ማንችስተር ዩናይትድ በአራት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛው፤ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ኮርያዊ ሆነ።

ያን ጊዜ የተባለው ምን ነበር? «በእስያ ማልያ ለመሸጥ ነው ያመጡት» ተባለ። ሰባት ዓመት ቆየ። ሁለት መቶ አምስት ጊዜ ተሰለፈ፤ ሃያ ሰባት ግብ አገባ። ለማልያ መሸጫ የመጣ ሰው ሰር አሌክስ ፈርጉሰንን ሰባት ዓመት ሊያታልል አይችልም፤ ፈርጉሰንን ሰባት ቀን ያታለለም ቢኖር ጥቂት ነው።

ሃያ ሰባት ግብ ጥቂት ነው፤ አልክድም። ኳስ ሲቀበል አንዳንዴ ከእግሩ ትርቅበት ነበር፤ የሚያቀብላትም ኳስ ከፖል ስኮልስ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ከሮናልዶ ወይም ከሩኒ ይበልጥ ነበር የሚል ሰው ቢኖር ከኔ ወገን አይደለም። ግን ግቦቹን በማን ላይ እንዳገባቸው ተመልከቱ። በአርሰናል ላይ በ2009 በሻምፒዮኖች ሊግ ግማሽ ፍጻሜ፥ እንደ ገና በጥር 2010፥ እንደ ገና በታኅሣሥ 2010፤ በሊቨርፑል ላይ በመጋቢት 2010፤ በቼልሲ ላይ በሚያዝያ 2011 በሻምፒዮኖች ሊግ ሩብ ፍጻሜ። ፈርጉሰን ደካማ ቡድን ሲመጣ ወንበር ላይ ያስቀምጠውና ኃያል ሲመጣ ያወጣው ነበር። ለከባድ ፈተና የሚመረጥ ሰው ደግሞ በሳንባው ብቻ አይመረጥም።

ወደ ነገሬ እምብርት ደረስሁ። በየካቲትና በመጋቢት 2010 ዩናይትድ ከሚላን ጋር ሁለት ጊዜ ገጠመ። የሚላን ጨዋታ በሙሉ የሚፈልቀው ከአንድሬያ ፒርሎ እግር ነበር። ፒርሎ አይሮጥም፤ ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ኳስ ይቀበላል፥ ቀና ይላል፥ ከዚያ ከአርባ ሜትር ርቀት የፈለገው ሰው እግር ላይ ያኖራታል። ፈርጉሰን ከክንፍ ተጫዋችነት አንሥቶ ፓርክን በመሐል፥ ከሩኒ ኋላ አቆመው፤ ሥራህ ፒርሎ ነው አለው። ዩናይትድ በሚላን ከተማ 3 ለ 2፥ በኦልድ ትራፎርድ 4 ለ 0 አሸነፈ። ከአራቱ አንዱን ያገባውም ፓርክ ራሱ ነው።

ሰው ሁሉ «እንደ ጥላ ተከተለው» ይላል። ነገሩን እስቲ በዝግታ እናስበው። ኳስ ከሰው እግር ይፈጥናል። ፒርሎ ኳስ ከተቀበለ በኋላ ወደርሱ የሚሮጥ ሰው ስንት ሳንባ ቢኖረው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ፓርክ መድረስ የነበረበት ኳስዋ ገና ከሌላው ተከላካይ እግር ሳትነሣ ነው፤ በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ባለው መሥመር ላይ ቆሞ ተከላካዩ ሐሳቡን እንዲለውጥ ማድረግ ነበረበት። ጀርባውን ለፒርሎ ሰጥቶ የት እንዳለ ማወቅ ነበረበት። ኳስ ዩናይትድ እጅ ስትገባ ደግሞ ሥራው ይገለበጣል፤ ጠባቂው ሸሺ፥ ፒርሎም ሳይወድ አባራሪ ይሆናል። በማባረር ፒርሎ የታወቀ አልነበረም። የአራተኛው ዓመት ተማሪ በፈተና የሚያደርገውን ያህል ማሰብ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ፓርክ ወረቀት አልነበረውም።

ፒርሎ በ2013 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አወጣ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ፓርክን አንሥቶታል፤ በቅንነትም አመስግኖታል። ምስጋናው ግን ከምን ጋር ቢያመሳስለው ነው? አንድ ጊዜ በአቶም ኀይል ከሚንቀሳቀስ መኪና ጋር፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ጌታው «ጠብቅ» ካለው ውሻ ጋር። የመጽሐፉን ርእስ ታውቃላችሁ? «አስባለሁ፥ ስለዚህ እጫወታለሁ» ነው። የፍልስፍና ትምህርት የሚወስዱ ወንድሞቼ ዴካርትን እያስታወሱ ይሣቁ፤ እኔም ሥቄአለሁ። በሁለት ግጥሚያ ሰባት ግብ ከገባበት ቡድን ውስጥ ያለው ሰው አሳቢ፥ አሳስቦ መንገድ የዘጋበት ሰው ደግሞ መኪናና ውሻ! ፒርሎን ክፉ ሰው ነው አልልም። እንዲያውም ክፉ አለመሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው፤ ሊያመሰግን ፈልጎ በእጁ ያገኘው ቃል ይህ ብቻ ነበርና።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ዐይነት ምስጋና ከማንም በፊት ልናውቀው ይገባን ነበር። በመስከረም 1960 በሮማ አበበ ቢቂላ ማራቶን ሲያሸንፍ ዓለም ያየው ባዶ እግሩን ነው። እስከ ዛሬ የሚወራው ያው ነው፤ ባዶ እግር፥ ተራራማ አገር፥ ብርቱ ሳንባ። ከውድድሩ በፊት አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አጥንተው፥ የፍጻሜው ጥድፊያ ከየት መጀመር እንዳለበት ወስነው እንደ ነበር የሚያነሣ ጥቂት ነው። የመረጡት ቦታም ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት የቆመበት አደባባይ ነበር። ይህ የሳንባ ሥራ ነውን? ዛሬም አንድ የአርሲ ልጅ ሲያሸንፍ የውጭ አገር አስተያየት ሰጪዎች ስለ ተራራው ከፍታ እንጂ ስለ ስልቱ ሲናገሩ እምብዛም አንሰማም፤ እኛም እንናደዳለን። እንናደድና ወደ ቴሌቪዥን አዳራሽ ገብተን ኮርያዊውን «ማሽን» እንላለን።

አንድ የመኝታ ቤት ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ፤ መልፋት ምን ነውር አለው?» አለኝ። ነውር የለውም። ልፋቱን አልካድሁም፤ የካድሁት ልፋት ብቻ ነበር የሚለውን ነው። ልዩነቱ በቃል ጨዋታ የሚቀር እንዳይመስላችሁ ግንቦት 21 ቀን 2008 ሞስኮ የሆነውን ተመልከቱ።

በዚያ የጨዋታ ዘመን ዩናይትድ ለሻምፒዮኖች ሊግ ፍጻሜ ደረሰ። ፓርክ በጉልበት ሕመም አሜሪካ ሄዶ ኦፕራሲዮን ተደርጎ፥ ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ተኝቶ የተመለሰው በዚያው ዓመት ነው። ከሮማና ከባርሴሎና ጋር በተደረጉት የሩብና የግማሽ ፍጻሜ ግጥሚያዎች ዋና ተሰላፊ ነበር፤ ባርሴሎናን በሁለት ግጥሚያ አንድም ግብ ሳያስገቡ ካስቀሩት አንዱ ነው። የፍጻሜው ቀን ግን ከአሥራ አንዱ ውስጥ የለም። ከተቀያሪዎቹም ውስጥ የለም። ሱፍ ልብስ ለብሶ ከተመልካች ጋር ተቀመጠ። በቦታው የተሰለፈው ኦዌን ሃርግሪቭስ ነበር። ዩናይትድ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ። ፈርጉሰን ራሱ ከወሰናቸው ውሳኔዎች ሁሉ ከከበዱት አንዱ ይህ እንደ ነበረ በኋላ ተናግሯል።

ሃርግሪቭስ ጥሩ ተጫዋች ነበር፤ ውሳኔውም ከጨዋታ አንጻር ሊከራከሩለት የሚቻል ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። «ታታሪ» የተባለ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ለመተው የሚቀል ለምንድን ነው? ታታሪን ሌላ ታታሪ ይተካዋል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ሳንባ ሳንባን ይተካል፤ አእምሮን ግን ሌላ አእምሮ እንዲያው በቀላሉ አይተካውም። ስለዚህ ሰውን የምንጠራበት ቃል በመጨረሻው ቀን ማን ወንበር እንደሚያገኝና ማን እንደሚቀር ይወስናል። እኛም ነገ ከዚህ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ ስንገባ አንዳችን «ጐበዝ ጭንቅላት»፥ አንዳችን «ጥሩ ሠራተኛ» እየተባልን እንደምንመዘን አትርሱ፤ ከሁለቱ የትኛው ሹመት እንደሚያገኝ የማያውቅ ካለ አንድ ዓመት ይጠብቅ።

በሚቀጥለው ዓመት በሮማ ፓርክ ተሰለፈ፤ በሻምፒዮኖች ሊግ ፍጻሜ የተጫወተ የመጀመሪያው እስያዊ ሆነ። ባርሴሎና 2 ለ 0 አሸነፈ። በ2011ም በዌምብሌይ በድጋሚ ተሰልፎ በድጋሚ ተሸነፈ። ያሸነፈበት ቀን አልተሰለፈም፥ የተሰለፈባቸው ቀኖች አላሸነፈም፤ ዕድል ይሏችኋል ይህ ነው።

አሁን ወደ ዘፈኑ። የማንችስተር ደጋፊዎችም እንደ ሆላንዶቹ ለፓርክ ዘፈን አወጡለት። በዚህ ዘፈን ውስጥ ግን ያለው ስሙ ብቻ አይደለም፤ በአገሩ የውሻ ሥጋ ይበላል የሚል ነገር አለበት፤ በዚያ ላይ የሊቨርፑልን ሰዎች ለመስደብ ይበልጥ የከፋ ነገር ይጨምርበታል። ዘፋኞቹ በፍቅር ነው ይላሉ፤ ይመስለኛል፥ እውነትም ወደውት ነበር። ፓርክ ያን ጊዜ ምንም አላለም። በጥቅምት 2021፥ ከጨዋታ ከተሰናበተ ሰባት ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ተናገረ። ወጣት በነበረበት ጊዜ ይህ የእንግሊዝ ባህል ነውና መቀበል አለብኝ ብሎ እንደ ታገሠ፥ አሁን ግን ዝም በማለቱ እንደሚያዝን ገልጦ እንዳይዘፍኑት ለመነ። ያናገረው ምክንያት ለራሱ ብሎ አልነበረም። በዚያው በጋ ሁዋንግ ሂ ቻን የተባለ ወጣት ኮርያዊ ወደ ዎልቨርሃምፕተን ሲገባና ለሕዝብ ሲታይ የዩናይትድ ደጋፊዎች ያንን ዘፈን ዘፍነውበት ነበር። ዘፈኑ ከፓርክ ተላቅቆ ለማንኛውም ኮርያዊ ፊት የሚሆን ልብስ ሆነ ማለት ነው። በ2024 ደግሞ የቶተንሃሙ ሮድሪጎ ቤንታንኩር ስለ ገዛ አምበሉ ስለ ሶን ሁንግ ሚን ሲጠየቅ ኮርያውያን ሁሉ መልካቸው አንድ ነው የሚል ቀልድ በአገሩ ቴሌቪዥን ቀለደ፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሰባት ግጥሚያ ቀጣው።

«ደጋፊ እንዲህ ነው፤ ወንድማዊ ቀልድ ነው» የሚሉ አሉ። ለነሱ የምመልሰው የአይንድሆቨንን ሕዝብ ነው። ያ ሕዝብ በፓርክ ላይ ያፏጨ ሕዝብ ነው፤ ሲያፏጭም በጨዋታው ነው ያፏጨበት፥ ሲዘፍንለትም ስሙን ነው የጠራው። አንድን ሰው ስሙን መጥራት በቂ ሆኖ ሳለ የሚበላውን መቁጠር ምን አመጣው?

ከጉልበቱ ጋር የጀመርሁትን ልጨርስ። ፓርክ ለአገሩ በሦስት የዓለም ዋንጫዎች ተጫውቶ በሦስቱም አገባ፤ በ2002 በፖርቱጋል፥ በ2006 በፈረንሳይ፥ በ2010 አምበል ሆኖ በግሪክ ላይ። ለያንዳንዱ ግጥሚያ ከማንችስተር እስከ ሴኡል በአውሮፕላን ይመላለስ ነበር፤ ከረጅም በረራ በኋላ የታመመው ጉልበቱ ያብጥበታል። በጥር 2011 በካታር በተደረገው የእስያ ዋንጫ መቶኛ ግጥሚያውን ተጫውቶ ከአገሩ ቡድን ተሰናበተ። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ኮርያ ውስጥ እንዲመለስ ብዙ ተለመነ፤ አልተመለሰም። ከሠራዊቱ አገልግሎት ነፃ ለወጣባቸው ሁለት ዓመታት ዐሥር ዓመት ሙሉ በአንድ ጉልበት ከፈለ፤ ደረሰኙን እኔ ብሆን እፈርምለታለሁ።

ፍጻሜው ያማረ አልነበረም። በ2012 ወደ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ሄዶ አምበል ተደረገ፤ አምበልነቱ በዓመቱ መካከል ተወሰደበት፤ ቡድኑም ከሊጉ ወረደ። በመጨረሻው ዓመት በውሰት ወደ አይንድሆቨን ተመልሶ ለልጆች ቡድን ታላቅ ወንድም ሆነ፤ ያ የስሙ ዘፈንም እንደ ገና ተዘፈነለት። በግንቦት 2014 ጉልበቱ አልቻለምና አቆመ።

ጽሑፌን ከማቆሜ በፊት አንድ ለስፖርት ገጻችን አዘጋጅ የማቀርበው ጥያቄ አለ። በየፋኩልቲው ግጥሚያ የምታወጡት ዜና የአግቢዎችን ስምና ደቂቃ ብቻ ነው። ባለፈው ጊዜ የኛ ፋኩልቲ ሲያሸንፍ የተቃራኒውን የመሐል ተጫዋች ሰባ ደቂቃ ሙሉ ኳስ ያሳጣው ልጅ በዜናው ውስጥ «በብርታት ተጫውቷል» ተብሎ አልፏል፤ ስሙም ተሳስቷል። በሚመጣው ግጥሚያ አንድ ሰው ተመድቦ ኳስ የት እንደ ተነጠቀችና ማን እንደ ነጠቃት በደብተር ይያዝ። እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ደብተርም አለኝ። በዚህ ጽሑፍ የማይስማማ፥ በተለይም የፒርሎ ወዳጅ የሆነ ተማሪ ካለ፥ ተቃውሞውን እስከሚቀጥለው እትም ለአዘጋጁ ያድርስልኝ።